ለማውራት የሚያሳፍረው መድኃኒት፦ ለማይለቅ የአንጀት መቆጣት በመቀመጫ በኩል ስለሚወሰዱ መድኃኒቶች

በዚህ እትም የጤና ዓምዳችን የምናቀርበው ትምህርት ለመጻፍም ለማንበብም ትንሽ ያሳፍራል። እኛም ራሳችን "ይህ ነገር በቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ላይ ይወጣል ወይ?" ብለን ተወያይተንበታል። ሆኖም ባለፈው ዓመት ወደ እኛ የመጣችውን የአንዲት እኅታችንን ጉዳይ ስናስታውስ፣ ዝም ማለቱ የበለጠ ጉዳት እንዳለው ተረዳን። ስሟን አንጠቅስም፤ ታሪኳን ግን እርሷው ስለፈቀደችልን እንጽፈዋለን።

ይህች እኅት ቤይሩት ውስጥ በአንድ ቤት አራት ዓመት ሠርታለች። ሕመሙ ሲጀምራት ሰገራዋ ላይ ጥቂት ደምና ንፍጥ የመሰለ ነገር አየች። ኪንታሮት ነው ብላ ከፋርማሲ ቅባት ገዛች። አልተሻላትም። ጓደኛዋ "አሜባ ነው" አለቻትና ፍላጅል ገዝታ ዋጠች፤ ትንሽ የተሻላት መሰላት፣ ተመልሶም መጣ። በዘጠኝ ወር ውስጥ ፍላጅሉን ሦስት ጊዜ ደጋግማ ወስዳለች። ቀን ከአምስት ጊዜ በላይ ወደ ሽንት ቤት ትሮጣለች፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚወጣው ደምና ንፍጥ ብቻ ነው። ማዳሟ "ሥራ ለመሸሽ ነው" ብላ ትቆጣለች። እርሷ ደግሞ ሕመሙን ከተናገርኩ ወደ አገሬ ይልኩኛል ብላ ፈርታ የውስጥ ልብሷን ሌሊት ትደብቃለች፣ ሌሊት ታጥባለች። አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ በረንዳው ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ያን ጊዜ ነው እኛም ያወቅነው።

ሐኪም ዘንድ ሄደን ሰገራዋና ደሟ ተመረመረ፤ በካሜራ የአንጀቷ መጨረሻ ታየ። ኪንታሮትም አሜባም አልነበረም። የትልቁ አንጀቷ መጨረሻ ክፍል ውስጡ ተቆጥቶ፣ ቀልቶና ቆስሎ ነበር። ሐኪሙ በየማታው አንድ የሚወሰድ ሰፖዚተሪ አዘዘላት። ደስ ብሎን ተለያየን። በሦስተኛው ሳምንት ስናገኛት ግን ያው ናት፤ እንዲያውም ብሶባታል።

"መድኃኒቱን እየወሰድሽ ነው?" ብለን ጠየቅናት።

"ሁለቱን ዋጥኩት። እንደ ሻማ ነው፣ አይወርድም። ከዚያ ተውኩት" አለችን።

ሐኪሙ በፈረንሳይኛና በዐረብኛ ነበር የነገራት፤ እኛም አብረናት ሄደን ሳለ ስለ አወሳሰዱ አልጠየቅንም፤ እንደምታውቅ ገምተን አለፍነው። ጥፋቱ ከእርሷ ይልቅ የእኛ ነው። ስለዚህ ያን ቀን ልንነግራት የሚገባንን ዛሬ ለሁላችሁም እንጽፋለን።

በሽታው ምንድን ነው?

ሐኪሞች አልሰሬቲቭ ኮላይተስ የሚሉት ሕመም የትልቁ አንጀት የውስጥ ሽፋን ያለማቋረጥ መቆጣትና መቁሰል ነው። የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን አንጀት እንደ ጠላት ቆጥሮ ስለሚያጠቃው ይመጣል። ከሌላ ሰው አይተላለፍም፤ በቆሸሸ እጅ ወይም በምግብ የመጣ አይደለም። ይህንን በተለይ ያነሣነው አንዳንድ አሠሪዎች በሽታውን እንደ ሰሙ ሠራተኛዋን ከወጥ ቤት የሚያግዱ ስላሉ ነው። ምግብ ብታበስሉ ማንንም አትጎዱም።

ይህ መቆጣት ሁልጊዜ የሚጀምረው ከታች፣ ከፊንጢጣ በላይ ካለው የአንጀት ክፍል ነው። በአንዳንድ ሰው እዚያው ይቀራል፤ ይህ ፕሮክታይተስ ይባላል። በሌላው ወደ ላይ እየወጣ ግማሹን ወይም መላውን ትልቁን አንጀት ይይዛል። ክሮንስ የሚባል ወንድም የሚመስል በሽታም አለ፤ እርሱ ግን ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትኛውንም ቦታ ሊይዝ ስለሚችል ሕክምናው ይለያል።

ምልክቶቹ ደምና ንፍጥ የቀላቀለ ሰገራ፣ ድንገት የሚያጣድፍ መቀመጥ፣ ወጥቶም ያላለቀ መምሰልና ማማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ድካምና ደም ማነስ ናቸው። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ከሆነ ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። የሚገርመው ነገር፣ መቆጣቱ መጨረሻው ላይ ብቻ ሲሆን አንዳንዷ ሴት ተቅማጥ ሳይሆን ድርቀት ነው የሚይዛት። ደም እየወጣ ሰገራው ግን ደረቅ ይሆናል። ብዙዎች በኪንታሮት የሚሳሳቱት በዚህ ምክንያት ነው።

ደም ያየች ሁሉ ይህ በሽታ አለባት ማለታችን አይደለም። ኪንታሮትም ያደማል፣ አሜባም ያደማል፣ ሌሎች ተሐዋስያንም ያደማሉ፤ ከዚህ የከፋ በሽታም ሊሆን ይችላል። መለየት የሚቻለው በምርመራ ብቻ ነው። የሰገራ ምርመራ የሚቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለአንጀት መቆጣት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ኮርቲዞን ነው። አንጀቷ ውስጥ አሜባ ላለባት ሴት ኮርቲዞን ቢሰጣት አሜባው ተስፋፍቶ አንጀቷን እስከ መብሳትና ሕይወቷን እስከ መቅጠፍ ሊደርስ ይችላል። እኛ ደግሞ አሜባ በብዛት ካለበት አገር የመጣን ነን። ስለሆነም ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እንኳ "የሰገራ ምርመራ ይደረግልኝ፣ አገሬ ሳለሁ አሜባ ይዞኝ ያውቃል" ብላችሁ ንገሩት።

ለምን በአፍ አይሰጥም?

ብዙዎቻችሁ "ክኒን እያለ ለምን እንዲህ ያለ ነገር?" ትሉ ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቁስሉ ያለው መውጫው አጠገብ ነው። በአፍ የገባው ክኒን ረጅም መንገድ ተጉዞ እዚያ ሲደርስ ትንሽ ነው የሚቀረው። ከታች የገባው ግን ቁስሉ ላይ ያርፋል። እጅሽ ላይ ትኩስ ዘይት ቢፈስብሽ ቅባቱን እጅሽ ላይ እንጂ ሌላ ቦታ አትቀቢውም። ለፕሮክታይተስ ሐኪሞች በቅድሚያ የሚያዝዙት ሜሳላዚን የተባለውን መድኃኒት በሰፖዚተሪ መልክ ሲሆን፣ ለዚህ ቦታ ከክኒኑ ይልቅ የተሻለ እንደሚሠራ ተረጋግጧል።

የመድኃኒቱ ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። ናና ስቫርትዝ የተባለች ስዊድናዊት ሐኪም በ1930ዎቹ መጨረሻ ለመገጣጠሚያ ሕመም ተብሎ በተሠራ ሰልፋሳላዚን በሚባል መድኃኒት ስታክም የአንጀት ቁስል ያለባቸው በሽተኞች እንደተሻላቸው አስተዋለች። መድኃኒቱ ሁለት ነገሮች የተጣመሩበት ስለሆነ ፈዋሹ የትኛው እንደሆነ ለብዙ ዓመት አልታወቀም። በ1977 በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ የነበሩ ሐኪሞች ሁለቱን ለያይተው ለበሽተኞች በመቀመጫ በኩል ሰጡና ፈዋሹን ክፍል ለይተው አወቁ። ዛሬ ሜሳላዚን የምንለው ያ ነው። ስለዚህ ይህ አወሳሰድ ለድሀ የተተወ የኋላ ቀር ሕክምና አይደለም። ማዳሞቹም ሲታመሙ የሚወስዱት ይህንኑ ነው።

በዚህ አካባቢ ፋርማሲዎች ፔንታሳ፣ ሳሎፋልክ ወይም አሳኮል በሚሉ ስሞች ይገኛል። ሰፖዚተሪ የሚደርሰው በግምት የመጨረሻውን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። መቆጣቱ ከዚያ በላይ ከወጣ ሐኪሙ አረፋ ወይም በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚገባ ፈሳሽ ያዝዛል፤ ወይም ክኒኑንና ሰፖዚተሪውን አንድ ላይ ይሰጣል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዘዙ አንዱን መርጦ መተው ትክክል አይደለም።

እንዴት ይወሰዳል?

አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው ባለ 1 ግራም አንድ ፍሬ ማታ ከመኝታ በፊት ነው። ባለ 500 ሚሊ ግራም ከሆነ ሐኪሙ ጧትና ማታ ሊል ይችላል። የእናንተን መጠን የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው። ማታ የሚመረጠው ተኝታችሁ ስለምታድሩ መድኃኒቱ ሳይወጣ ረዘም ላለ ሰዓት ቁስሉ ላይ ስለሚቆይ ነው። ቢያንስ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት፣ ከተቻለም ሌሊቱን ሙሉ ቢቆይ መልካም ነው። የቤቱ ሥራ የሚያልቀው እኩለ ሌሊት ላይ ከሆነ እኩለ ሌሊት ላይ ውሰዱት። ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ አለመነሣታችሁ ነው። ሕፃን የምትይዙና ሌሊት የምትነሡ እኅቶች ግን ለሐኪሙ ንገሩት፤ ሰዓቱን አብሯችሁ ይፈልጋል።

በቅድሚያ ሽንት ቤት ግቡና የሚወጣ ካለ ይውጣ። ባይወጣ አታምጡ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ጥፍራችሁም አጭር ይሁን። የፋርማሲ ስስ ጓንት ካላችሁ አድርጉት፤ ዕቃ የምታጥቡበትን የጎማ ጓንት ግን በፍጹም አትጠቀሙ፣ በረኪና የነካው ጓንት ቁስሉን ያቃጥለዋል። ሰፖዚተሪውን ጣታችሁ መካከል ይዛችሁ ለስለስ ብሎ ከተጣጠፈ ገና ከመጠቅለያው ሳታወጡት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወይም ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አድርጉት፤ ይጠነክራል።

መጠቅለያውን ሙሉ በሙሉ አውልቁ። ይህንን የምንጽፈው ከነፕላስቲኩ ያስገቡ ስላሉ ነው። ጫፉን በንጹሕ ውኃ አርጥቡት፤ ካስፈለገ ከፋርማሲ የሚገኝ በውኃ የተሠራ ማለስለሻ ይቻላል። ቅቤ፣ የምግብ ዘይት ወይም የፊት ክሬም አታድርጉበት። ከዚያም በግራ ጎናችሁ ተኙ። የታችኛው እግር ይዘርጋ፣ የላይኛው ጉልበት ወደ ሆድ ይታጠፍ። መተኛት የማይመቻችሁ ከሆነ ቆማችሁ አንድ እግራችሁን ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ማስቀመጥ ወይም ቁጢጥ ማለት ይቻላል። ሹሉ ጫፍ ወደ ውስጥ ይሁን። ረጋ ብላችሁ እየተነፈሳችሁ፣ ሰገራ እንደሚወጣ ያህል ጥቂት ብትገፉ መውጫው ይላላል፤ በዚያ ጊዜ በጣታችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። የጣታችሁ የመጀመሪያ አንጓ እስኪገባ ድረስ ካልሄደ ተመልሶ ይወጣል፤ በር ላይ አትተዉት። በኃይል አይገፋም። በጣም ካመማችሁ ወይም ትኩስ ደም ከወረደ አቁሙና ሐኪም ጠይቁ።

ከገባ በኋላ መቀመጫችሁን ጨምቃችሁ ጥቂት ደቂቃ ተኙ። "ልቀመጥ፣ ሰገራዬ መጣ" የሚል ስሜት ይመጣል፤ ሰገራ አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው፣ ታገሡት ያልፋል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው ይህ የሚከብደው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሙሉውን ቢወጣ ሌላ ፍሬ ማስገባት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ቢወጣ ግን የሚቀጥለውን ሰዓት ጠብቁ። አንድ ማታ ብትረሱ ደግሞ በማግሥቱ ሁለት አታስገቡ። በመጨረሻ እጃችሁን እንደገና በሳሙና ታጠቡ። የወር አበባ ላይ ብትሆኑም መድኃኒቱ አይቋረጥም። ቦታው ግን አይምታታ፤ በብልት በኩል የሚገባ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ስላለ ሁለቱን ያምታቱ እኅቶች አሉ።

በሰው ቤት ሆኖ መድኃኒት መያዝ

እስከዚህ የጻፍነውን የመድኃኒቱ ወረቀትም ይናገረዋል። የእኛ እኅቶች ችግር ግን ወረቀቱ ላይ የለም።

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። በኩዌትና በሪያድ በጋ ከ45 ዲግሪ ያልፋል፤ ቤይሩት ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሠራተኛ ክፍል እንደ ምድጃ ነው። አብዛኛው ሰፖዚተሪ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት፤ ትክክለኛው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ማጠቢያ ማሽን አጠገብ፣ መስኮት ሥር፣ ወይም ምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ አታስቀምጡ። ቀልጦ ከተበላሸ በኋላ እንደገና ቢረጋም መድኃኒቱ በእኩል ስለማይሰራጭ አይታመንም። የተሻለው ፍሪጅ ነው፤ የማይዘጋ የምግብ ሽታ እንዳይኖረው በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ከድናችሁ አስቀምጡ። በፍሪዘር ውስጥ አይገባም። ፍሪጁ የማዳሟ ስለሆነ ፈቃድ መጠየቅ ሊያስፈልግ ነው። አንዳንዶቻችሁ ከዚህ ይልቅ ቀልጦ ይቅር ትላላችሁ። "መድኃኒት ነው፣ ሐኪም አዞልኝ ነው፣ አይተላለፍም" ማለት ይበቃል፤ የት እንደሚገባ የመናገር ግዴታ የለባችሁም። የሐኪሙን ወረቀት አብራችሁ ያዙ፤ "ምን ዓይነት ክኒን ነው የደበቀችው?" የሚል ጥርጣሬ ሲመጣ ወረቀቱ ይመልሳል።

ሁለተኛው እድፍ ነው፤ ይህንንም እኅታችን በራሷ ላይ ደርሶባት ነው የተማርነው። ሜሳላዚን የነካውን ነገር ቢጫ ወይም ቡናማ አድርጎ ያቀልማል። ጨርቅ ብቻ ሳይሆን እብነ በረድ፣ ግራናይት፣ ቀለም የተቀባ ግድግዳና የሽንት ቤት ዕቃም ጭምር ይይዛል። እርሷ ሰፖዚተሪውን መታጠቢያ ቤት ነጭ እብነ በረድ ላይ አስቀምጣ እጇን ስትታጠብ እርጥብ ሆኖ ቆየ፤ በማግሥቱ እድፉ አልለቅ አለ፤ ከደመወዝሽ ይቆረጣል እስከ መባል ደረሰች። እናንተ ግን ሁልጊዜ ሶፍት ወይም ፌስታል ላይ አስቀምጡት፤ ቢነካ ወዲያው በውኃ ጥረጉት። ማታ ሞዴስ አድርጉ፤ ጥቁር የውስጥ ልብስ ልበሱ፤ ፍራሹ ላይ አሮጌ ፎጣ አንጥፉ። ጧት ጥቂት ቢወጣ አትደንግጡ፣ የመድኃኒቱ ቅሪት ነው።

በሩ የማይቆለፍ ክፍል ወይም ሳሎን ውስጥ የምትተኙም አላችሁ። ከሁሉ የሚሻለው መታጠቢያ ቤት ቆልፎ ማስገባትና ቀጥታ ወደ መኝታ መሄድ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ታህሚላ ሁሉ አንድ አይደለም

በዐረብኛ ሰፖዚተሪ ታህሚላ ይባላል፤ ሲበዛ ታሃሚል ነው። ፋርማሲ ሄዳችሁ "ታህሚላ ስጠኝ" ብቻ ብትሉ ሌላ ነገር ልትይዙ ትችላላችሁ። ለድርቀት የሚሰጥ ታህሚላ አለ፤ ግሊሰሪን ወይም ቢሳኮዲል ይባላል። ድርቀት በዐረብኛ ኢምሳክ ነው፤ ካርቶኑን የሚያነብላችሁ ሰው ኢምሳክ የሚለውን ቃል ካየ የእናንተ መድኃኒት አይደለም። በተለይ ቢሳኮዲል የተቆጣ አንጀት ላይ ቁርጠቱን ያብሰዋል። ለቡዋሲር፣ ማለትም ለኪንታሮት የሚሰጥም አለ።

ከሁሉም የምንፈራው ግን የሕመም ማስታገሻውን ነው። በመካከለኛው ምሥራቅ ለወገብ ሕመም፣ ለጥርስና ለትኩሳት ዲክሎፌናክ፣ በተለምዶ ቮልታረን የሚባለው፣ በታህሚላ መልክ በየቤቱ ይገኛል። ማዳሟም በቅንነት "ይኸው ታህሚላ አለኝ" ብላ ልትሰጣችሁ ትችላለች። ይህና አይቡፕሮፌን የአንጀቱን መቆጣት ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ለራስ ምታትና ለወር አበባ ሕመም ፓናዶል ይሻላል። ተቅማጥ የሚያቆሙ እንደ ኢሞዲየም ያሉ ክኒኖችንም አንጀቱ ክፉኛ በተቆጣ ጊዜ በራሳችሁ አትውሰዱ፤ አንጀቱ እንዲነፋና እንዲደነዝዝ ሊያደርጉት ይችላሉ።

በ2021 ሊባኖስ ውስጥ መድኃኒት ከፋርማሲዎች ጠፍቶ በነበረ ጊዜ ብዙ ሰው በሻንጣ የመጣ መድኃኒት ይገዛ ነበር። ያ ልማድ እስካሁን ያልለቃቸው አሉ። በሻንጣ የመጣ ሰፖዚተሪ በመንገድ ቀልጦ እንዳልነበረ ማን ያውቃል? ካርቶኑ የታሸገ፣ ጊዜው ያላለፈ፣ ፍሬውም ቅርጹን የያዘ መሆኑን እዩ።

ደሙ ሲቆም መድኃኒቱ አይቆምም

እኅታችን አወሳሰዱን ከተማረች በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ደሙ ቆመ። ብዙ ሰው በሁለትና በሦስት ሳምንት ለውጥ ያያል፤ ቁስሉ እስኪድን ግን ስድስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። እርሷ ዳንኩ ብላ ተወችው። መድኃኒቱ ውድ ነው፣ ገንዘቡን ለእናቷ መላክ ፈለገች፤ አንፈርድባትም። በሁለት ወሩ ደሙ ተመለሰ። ይህ በሽታ የሚተኛና የሚነሣ ነው። ሐኪሙ መጠኑን እየቀነሰ፣ ምናልባት በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ አንድ ፍሬ እያደረገ ለረጅም ጊዜ ሊያስቀጥል ይችላል። ገንዘብ ካጠራችሁ ከማቆማችሁ በፊት ንገሩት፤ ርካሽ የሆነ ዓይነት ወይም የተራራቀ አወሳሰድ ሊኖር ይችላል። በሊባኖስ የሥራ ውል አሠሪው የጤና መድን እንዲገባና እንዲያሳክም ግዴታ አለበት፤ መድኑ ግን ብዙ ጊዜ የሆስፒታል መኝታን እንጂ የየወሩን መድኃኒት ስለማይሸፍን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በትክክል ወስዳችሁም ካልተሻላችሁ በሽታው እምቢ አለ ማለት ብቻ አይደለም። ሐኪሙ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በየማታው ወሰድሽ ወይ፣ ስንት ሰዓት ቆየ የሚለውን ነው። እውነቱን ንገሩት። አሥር ቀን ዘላችሁ "ወስጃለሁ" ብትሉት የበለጠ ጠንካራ መድኃኒት ያዝዛል። በትክክል ተወስዶም ካልሠራ፣ ሌላ ተሐዋስ አለመጨመሩን በሰገራ አይቶ ክኒን ይጨምራል፤ ወይም የኮርቲዞን ሰፖዚተሪ ይሰጣል። ኮርቲዞኑ ለተወሰነ ሳምንት ብቻ ነው፤ ከጓደኛ ተቀብሎ መቀጠል አይገባም።

መጠንቀቅ የሚገባችሁ

አስፕሪን የሚያሳብጣችሁ ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥራችሁ ከሆነ ሜሳላዚንም ሊያደርገው ስለሚችል አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ አለርጂ በዐረብኛ ሐሳሲያ ነው። የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ካለባችሁም እንዲሁ። መድኃኒቱን ከመጀመራችሁ በፊትና በየጊዜው ኩላሊታችሁ በደም ምርመራ ይታያል፤ ውኃ በደንብ ጠጡ። ጥቂት ማሳከክ፣ የሆድ መነፋትና ራስ ምታት ሊኖር ይችላል፣ ብዙውን ጊዜ ያልፋል። ነገር ግን መድኃኒቱን በጀመራችሁ በቀናት ውስጥ ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ ከበፊቱ የባሰ ደምና ቁርጠት ከመጣ፣ ወይም ደረት ሲወጋ፣ ጉሮሮ ሲቆስል፣ ያለ ምክንያት ሰውነት ሲበልዝ መድኃኒቱን አቁማችሁ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከስንት አንድ ሰው ላይ የሚደርስ ቢሆንም ቀላል አይደለም።

በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ደም ያለው ሰገራ ከትኩሳትና ከልብ መምታት ጋር ከሆነ፣ ሆድ ተነፍቶ ከጠነከረ፣ ወይም ራስ ካሳታችሁ እሑድን አትጠብቁ፣ የማዳሟንም ከጉዞ መመለስ አትጠብቁ። በሊባኖስ ቀይ መስቀል 140፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በኤምሬት 998፣ በኩዌት 112 ደውሉ። በዐረብኛ "ደም" ማለት ደም ነው፤ ይህን አንድ ቃልና አድራሻችሁን ብትናገሩ ይገባቸዋል።

ሁለት ጥያቄዎች

ይህን ጽሑፍ እያዘጋጀን ሳለ ከእኅቶች ሁለት ጥያቄ ቀረበልን። አንዷ "ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ልተወው ወይ?" አለች። በራስሽ አትተዪው። ሜሳላዚን በእርግዝና ጊዜ በብዛት የሚፈቀድ መድኃኒት ነው፤ ለፅንሱ የበለጠ የሚያሰጋው በሽታው ሳይታከም መቀስቀሱ ነው። ለሐኪምሽ ግን መናገር ግድ ነው። የምታጠቢም ከሆነ ንገሪው፤ ሕፃኑ ላይ ተቅማጥ ከታየ ሐኪም ይየው።

ሁለተኛዋ ስለ ጾም ጠየቀች። ሰፖዚተሪ ምግብ አይደለም፣ የሚወሰደውም ማታ ነው። ነገር ግን ደም የሚፈሳት ሴት ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ መዋል ለኩላሊቷም ለደም ማነሷም ጉዳት አለው። የታመመ ሰው የጾም ሥርዓቱ ሊቀልለት ስለሚችል የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ጸበልም ብትጠጪ መድኃኒቱን አታቋርጪ፤ አንጀት እስኪያስቀምጥ ድረስ በብዛት መጠጣት ግን በዚህ ሕመም ጊዜ አይመከርም።

እኅታችን አሁን በሳምንት ሦስት ማታ ነው የምትወስደው። መድኃኒቷን ፍሪጅ ውስጥ በአሮጌ የላብኔ ዕቃ ታስቀምጣለች፣ ማዳሟም ታውቃለች። በየስድስት ወሩ ለኩላሊት ምርመራ ትሄዳለች፤ ከእኛ አንዳችን አብረናት እንሄዳለን፤ አሁን ጥያቄውን የምትጠይቀው ግን ራሷ ናት። የፋርማሲ ጓንት መግዛት ያቃታችሁ፣ ወይም የመድኃኒታችሁን ካርቶን ማስነበብ የምትፈልጉ እኅቶች እሑድ ከጸሎት በኋላ ወደ ጤና ጠረጴዛችን ኑ። መጋረጃ አድርገንበታል፤ ለብቻችሁ ትነጋገራላችሁ።